ተመልካቹ የሚጨርሰው ሕንፃ፦ ከካዛንቺስ እስከ ብሔራዊ ቴአትር የሚደረግ የድምፅ ጉብኝት

ስለ አንድ ታሪካዊ ቴአትር ቤት ሲነሳ በቅድሚያ የሚወሳው የሕንፃው መልክ ነው። የፊቱ ገጽታ፣ የደረጃው ስፋት፣ የጣሪያው ከፍታ፣ በደጁ የቆመው ሐውልት ይነገርለታል። እነዚህ ሁሉ ለዓይን የቀረቡ ናቸው። ይሁን እንጂ ተዋናዩ መድረክ ላይ የተናገረው ቃል መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ካልደረሰ፣ ሕንፃው ምንም ያህል ቢያምር ከተሠራለት ዓላማ ጎድሏል። ስለሆነም ቴአትር ቤትን በሚገባ መጎብኘት ማለት በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም መጎብኘት ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ መነሻችንን ካዛንቺስ፣ መድረሻችንን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር አድርገን፣ በመንገዳችን ላይ የሚያጋጥሙንን የመሰብሰቢያና የመዝናኛ ቤቶች በድምፅ ፊዚክስ ዓይን ለመመልከት እንሞክራለን። ለአንባቢው ማሳየት የምንፈልገው ዋና ነጥብ አንድ ነው። የአንድ አዳራሽ ድምፅ በግድግዳውና በጣሪያው ብቻ አይወሰንም፤ ሥራውን የሚጨርሰው በውስጡ የተቀመጠው ሕዝብ ነው። ይህ አባባል እንዲሁ ለማማር የተነገረ አይደለም፤ በቁጥር ሊሰላና በመሣሪያ ሊለካ የሚችል እውነት ነው።

ካዛንቺስ፦ ሁለት ዓይነት ቤቶች

እንደሚታወቀው «ካዛንቺስ» የሚለው ስም የመጣው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም አሕጽሮተ ስም ነው። ጣልያኖቹ «ካዛ ኢንቺስ» ይሉት የነበረው በከተማው ነዋሪ አንደበት ተለስልሶ ካዛንቺስ ሆነ። የጉብኝታችን መድረሻ የሆነው ቴአትር ቤትም የተጀመረው በዚያው የወረራ ዘመን ስለሆነ፣ ሰፈሩና ቴአትር ቤቱ የዘመን ተጋሪዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

በካዛንቺስ ለድምፅ ተማሪ ትምህርት የሚሆኑ ሁለት ፍጹም የተለያዩ የቤት ዓይነቶች ነበሩ። አንደኛው ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። ጣልያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት 150 ስኩዌር ሜትር የሚሸፍን ባለ ቀለም መስታወት የአዳራሹ መለያ ነው። ከረጅም ጊዜ እድሳት በኋላም በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል።

ሁለተኛው ዓይነት አዝማሪ ቤት ነው። ካዛንቺስ ለብዙ ዓመታት በአዝማሪ ቤቶቹ የታወቀ ሰፈር ነበር። ጠበብ ያለች ክፍል፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የተቀመጠ ታዳሚ፣ በመካከሉ ማሲንቆውን ይዞ የሚዘዋወር አዝማሪ፤ የአዝማሪ ቤት «አርክቴክቸር» ይኸው ነው። በ2017 ዓ.ም. ከኮሪደር ልማት ሥራ ጋር ተያይዞ ብዙዎቹ የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል።

በእነዚህ ሁለት ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ አይደለም። በአፍሪካ አዳራሽ በሚደረግ ዓለም አቀፍ ስብሰባ የተናጋሪው ቃል በማይክሮፎን ተወስዶ፣ በአስተርጓሚ በኩል አልፎ፣ በጆሮ ማዳመጫ ለተሰብሳቢው ይደርሳል። አብዛኛውን መንገድ የሚሸፍነው በኤሌክትሪክ ምልክትነት ነው። በአዝማሪ ቤት ግን ቃሉን የሚያጓጉዘው አየር፣ የሚያጠናክረውና የሚያጠፋው ደግሞ ክፍሉ ራሱ ነው። ቴአትር ቤት በተፈጥሮው ከአዝማሪ ቤቱ ወገን ነው። ልዩነቱ አዝማሪው ለአርባ ሰው የሚያደርገውን ተዋናዩ ከሺህ ለሚበልጥ ሰው ማድረግ የሚጠበቅበት መሆኑ ነው።

ድምፅ በአዲስ አበባ አየር

ጉዟችንን ከመቀጠላችን በፊት ድምፁን ስለሚሸከመው አየር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ እዚህ ቀስ ብሎ ይጓዛል የሚል ግምት በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ግምቱ ግን ትክክል አይደለም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በአየር ግፊትና በእፍጋቱ መካከል ባለው ጥምርታ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሁለቱም አብረው ስለሚቀንሱ ጥምርታው የሚለወጠው የሙቀት መጠኑ ሲለወጥ ብቻ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ድምፅ በምጽዋም ሆነ በአዲስ አበባ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል።

ከፍታው የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው። በተመሳሳይ ሙቀት የአዲስ አበባ አየር እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በሩብ ያህል ያንሳል። እኩል መጠን የሚንቀጠቀጥ የከበሮ ቆዳ የሚያመነጨው የድምፅ ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ይህ በዴሲቤል ሲገለጽ ከ1 ዴሲቤል ጥቂት የበለጠ ነው። በቀላል ምሳሌ ለማስረዳት፣ ከከበሮው 10 ሜትር ርቆ የተቀመጠ የአዲስ አበባ አድማጭ በባሕር ጠረፍ 11.5 ሜትር ርቆ እንደተቀመጠ ያህል ይሰማል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም በከተማችን የሚሠራ አዳራሽ ድምፅ የማባከን አቅሙ ከሌላው አገር በመጠኑ የጠበበ መሆኑን ያስታውሰናል።

ከዚህ የሚልቀው ኪሳራ በርቀት የሚመጣው ነው። በተከፈተ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፅ መጠን በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አንድ ተዋናይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር በ1 ሜትር ርቀት 70 ዴሲቤል ቢለካ፣ በ2 ሜትር 64፣ በ4 ሜትር 58፣ በ8 ሜትር 52፣ በ16 ሜትር 46፣ በ32 ሜትር ደግሞ 40 ዴሲቤል ይሆናል። በ32 ሜትር ርቀት ላይ የሚደርሰው ጉልበት በ1 ሜትር ርቀት ከነበረው አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ታዲያ የመጨረሻው ረድፍ እንዴት ይሰማል? መልሱ በግድግዳውና በጣሪያው ውስጥ አለ።

ከሲኒማ ወደ ቴአትር

ከካዛንቺስ ቁልቁል ወርደን፣ መስቀል አደባባይን ተሻግረን፣ በስታዲየምና በለገሃር በኩል ስናልፍ ብሔራዊ ቴአትር እንደርሳለን። በደጁ ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ የሠራው የድንጋይ አንበሳ ቆሟል። በለገሃር ከሚገኘው የነሐስ አንበሳ ጋር ሲነጻጸር ይህኛው የተፈጥሮን አንበሳ ከመምሰል ይልቅ ወደ ጂኦሜትሪ ያደላ፣ በመስመርና በማዕዘን የተቀረጸ ነው። የቴአትር ቤቱንም ዘመናዊነት አስቀድሞ የሚያበስር ይመስላል።

ሕንፃው በወረራው ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» በሚል ስም ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ነበር። ስሙ የተወሰደው ገመድ አልባ ቴሌግራፍን በማስፋፋቱ እ.ኤ.አ. በ1909 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር ከተጋራው ጣልያናዊ ጉልየልሞ ማርኮኒ ነው። ከነፃነት በኋላ ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት አዲስ ንድፍ አውጥቶለት፣ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የ25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተከፈተ። የመክፈቻው ተውኔት የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የሚለውን ስም ያዘ።

ከሲኒማ ወደ ቴአትር መለወጥ ለተራ ተመልካች የስም ለውጥ ሊመስል ይችላል። ለድምፅ ግን የባሕርይ ለውጥ ነው። ፊልም ድምፁን ይዞት ይመጣል። የፊልሙ ትዕይንት በዋሻ ውስጥ ከሆነ የዋሻው ማስተጋባት አብሮ ተቀርጿል። ስለዚህ ጥሩ ሲኒማ ቤት የራሱን ድምፅ የማይጨምር፣ ከድምፅ ማጉያ የወጣውን ወዲያው መጥጦ የሚያስቀር መሆን አለበት። ተዋናይ ግን የሚረዳው ድምፅ ማጉያ ሳይኖር ሲናገር ግድግዳው ካላገዘው ብቻውን ይቀራል። ስለዚህም ቴአትር ቤት ነፀብራቅን ጨርሶ ከማጥፋት ይልቅ ጠቃሚውን ከጎጂው መለየት ይኖርበታል።

መለያው ጊዜ ነው። ጆሯችን ከዋናው ድምፅ በኋላ በ50 ሺህኛ ሰከንድ ውስጥ የሚደርሰውን ነፀብራቅ ከዋናው ጋር ደምሮ አንድ አድርጎ ይሰማዋል፤ ንግግሩም ይጎላል። ከዚያ ዘግይቶና ጎልቶ የሚመጣው ግን ቃሉን ያደበዝዛል፣ አንዳንዴም እንደ ገደል ማሚቶ ለብቻው ይሰማል። በ50 ሺህኛ ሰከንድ ድምፅ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ የአዳራሽ ንድፍ ሕግ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ በነፀብራቁና በቀጥታው መንገድ መካከል ያለው ልዩነት ከ17 ሜትር ካልበለጠ ነፀብራቁ ወዳጅ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ተዋናዩና አድማጩ 12 ሜትር ተራርቀዋል፤ ጣሪያው ከሁለቱም ራስ በላይ 8 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። በጣሪያው በኩል የሚመጣው ድምፅ ሁለት ጊዜ 10 ሜትር፣ በድምሩ 20 ሜትር ይጓዛል። ልዩነቱ 8 ሜትር፣ በጊዜ ደግሞ 23 ሺህኛ ሰከንድ ስለሆነ ጣሪያው ተዋናዩን ያግዛል። በአንጻሩ ከመድረኩ 3 ሜትር ርቆ የተቀመጠ የፊት ረድፍ ተመልካች ከተዋናዩ 30 ሜትር ከሚርቀው የኋላ ግድግዳ የሚመለሰውን ድምፅ የሚሰማው 57 ሜትር ከተጓዘ በኋላ ነው። ልዩነቱ 54 ሜትር፣ በጊዜ 157 ሺህኛ ሰከንድ ይሆናል። ይህ ነፀብራቅ ጠላት ነው። በብዙ ቴአትር ቤቶች የኋላ ግድግዳ በመጋረጃ ወይም በቀዳዳማ ሰሌዳ የሚሸፈነው፣ አልያም ለስላሳ ገጽ እንዳይኖረው ሸንተረር የሚወጣለት በዚህ ምክንያት ነው። ጎብኚው ለጌጥ የተሠራ የመሰለው ሸንተረር ብዙውን ጊዜ የድምፅ መበተኛ ነው።

የሳቢን ትራሶች

ነፀብራቆቹ አንድ በአንድ ሊቆጠሩ የሚችሉት ለመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላተመ በአዳራሹ ሁሉ ይሰራጭና ቀስ በቀስ ይሞታል። ይህንን ሳይንሱ «ሪቨርበሬሽን» ይለዋል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «የድምፅ ርዝራዥ» እንለዋለን። ድምፁ በ60 ዴሲቤል፣ ማለትም በጉልበት ወደ አንድ ሚሊዮንኛው እስኪወርድ የሚወስደው ጊዜ የርዝራዥ ጊዜ ይባላል።

ይህን ጊዜ በቀመር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰላው አሜሪካዊው ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ያሠራው የፎግ መማሪያ አዳራሽ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚያስተጋባ፣ ለማስተማር የማይመች ሆኖ ተገኘ። ችግሩን እንዲፈታ የታዘዘው የ27 ዓመቱ የፊዚክስ መምህር ሳቢን ነበር። መሣሪያዎቹ አንድ የኦርጋን ቧንቧ፣ አንድ የጊዜ መለኪያና የራሱ ጆሮ ብቻ ነበሩ። ከተማው ጸጥ በሚልበት ሌሊት ከአጎራባቹ ሳንደርስ ቴአትር የመቀመጫ ትራሶችን ከረዳቶቹ ጋር እያስጋዘ፣ ወንበሮቹ ላይ በደረደረ ቁጥር ድምፁ የሚሞትበትን ጊዜ ይለካል፤ ሳይነጋም ትራሶቹን ይመልሳል። ከዚህ ልፋት የተገኘው ቀመር እንዲህ ይነበባል፦ የርዝራዥ ጊዜ በሰከንድ ከ0.16 ሲባዛ በአዳራሹ ይዘት በኪዩቢክ ሜትር፣ ሲካፈል ለጠቅላላው የመምጠጥ አቅም ጋር እኩል ነው። የመምጠጥ አቅም የሚለካው በስኩዌር ሜትር ሲሆን፣ ትርጉሙም «ይህ ግድግዳ፣ ይህ ወንበር ስንት ስኩዌር ሜትር የተከፈተ መስኮት ያህል ድምፅ ያስወጣል?» የሚለው ነው። በተከፈተ መስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና።

ሳቢን ከደረሰባቸው ውጤቶች አንዱ ለርዕሳችን ቁልፍ ነው። አንድ ሰው ወደ አዳራሹ ገብቶ ሲቀመጥ ርዝራዡን የሚያሳጥረው 6 ትራሶች የሚያሳጥሩትን ያህል ነው። ቀመሩም በሥራ ላይ ውሎ እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ ሆል እስከ ዛሬ በዓለም ካሉ ምርጥ የሙዚቃ አዳራሾች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ተመልካቹ እንደ ግድግዳ

አሁን ስሌቱን ወደ ቤታችን እናምጣው። ለምሳሌ ያህል ይዘቱ 8,000 ኪዩቢክ ሜትር የሆነ፣ 1,000 ወንበር ያለው አዳራሽ እናስብ። ቁጥሮቹ ለትምህርት የተመረጡ እንጂ የአንድ የተወሰነ ቴአትር ቤት ልኬት አይደሉም። ባዶው አዳራሽ በግድግዳው፣ በመጋረጃውና በወንበሮቹ 500 ስኩዌር ሜትር የመምጠጥ አቅም አለው እንበል። የርዝራዥ ጊዜው 0.16 ሲባዛ በ8,000፣ ሲካፈል ለ500፣ ማለትም 2.6 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ንግግር ለመስማት ይህ እጅግ ረጅም ነው።

አሁን በሩ ይከፈትና ሕዝቡ ይግባ። እያንዳንዱ ሰው በአማካይ 0.4 ስኩዌር ሜትር ይጨምራል ብንል፣ አዳራሹ በግማሽ ሲሞላ ጠቅላላው 700 ስኩዌር ሜትር፣ የርዝራዥ ጊዜው 1.8 ሰከንድ ይሆናል። ሲሞላ 900 ስኩዌር ሜትርና 1.4 ሰከንድ ይሆናል። ግድግዳ ሳይነካ፣ ጣሪያ ሳይለወጥ፣ ሕዝቡ በመግባቱ ብቻ ርዝራዡ በግማሽ ሊቃረብ ጥቂት እስኪቀረው አጠረ ማለት ነው። ልብስም ድርሻ አለው። እንደ ጋቢ ያለ ወፍራም የጥጥ ልብስ በተለይ ቀጫጭን ድምፆችን ይመጥጣል። ስለሆነም በክረምት ምሽት ጋቢ ደርቦ የመጣ ታዳሚና በበጋ ከሰዓት በስስ ልብስ የመጣ ታዳሚ ለአንድ አዳራሽ አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጡትም።

በባዶ አዳራሽ የሚለማመዱ ተዋንያን በምረቃው ዕለት ድምፃቸው «የደረቀ» የሚመስላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ንድፍ አውጪዎች ይህን ልዩነት ለማጥበብ ወንበሩን በጨርቅና በስፖንጅ ሸፍነው ባዶውም ቢሆን ሰው የተቀመጠበትን ያህል እንዲመጥጥ ያደርጋሉ።

አዝማሪ ቤቱን በዚሁ ቀመር እንፈትሸው። 6 ሜትር በ5 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ከፍታ ያላት ክፍል ይዘቷ 90 ኪዩቢክ ሜትር ነው። 40 ሰዎች 16 ስኩዌር ሜትር፣ ዕቃውና ግድግዳው 8 ስኩዌር ሜትር ቢመጥጡ፣ የርዝራዥ ጊዜው 0.6 ሰከንድ ይሆናል። በዚህች ክፍል ውስጥ ከጠቅላላው የመምጠጥ ሥራ ሁለት ሦስተኛውን የሚሠራው ታዳሚው ነው። አዝማሪ ቤት ሰው ከሌለበት ድምፁም የለም ብንል አላጋነንም።

ጠብቆና ላልቶ

ቁጥሮቹ ለአማርኛ ምን ትርጉም አላቸው? በቋንቋችን አንድ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም ይለወጣል። «ገና» የሚለው ቃል «ና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው። «አባይ» የሚለው «ባ» ሲጠብቅ ወንዙ፣ ሲላላ ሐሰተኛ ነው። አዝማሪው ሰምና ወርቁን የሚደብቀው አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። በፊዚክስ ቋንቋ ሲታይ ደግሞ ማጥበቅ ማለት በዋነኛነት ተነባቢው የሚቆይበትን ጊዜ ማስረዘም ነው። «አባይ» ስንል ከንፈራችን ተዘግቶ ድምፁ የሚደክምበት ቅጽበት ሲረዝም ወንዝ፣ ሲያጥር ሐሰተኛ እንሰማለን። ይህ ቅጽበት በመቶኛ ሰከንዶች የሚቆጠር ነው።

የርዝራዥ ጊዜው 0.6 ሰከንድ በሆነበት አዝማሪ ቤት ድምፅ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ 10 ዴሲቤል ይወርዳል። ከንፈር የተዘጋበት ቅጽበት ጎልቶ ይለያል። በ1.4 ሰከንዱ ሙሉ አዳራሽ በ0.1 ሰከንድ 4.3 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ተዋናዩ አንደበቱን አሳምሮ ከተናገረ ይሰማል። በ2.6 ሰከንዱ ባዶ አዳራሽ ግን የሚወርደው 2.3 ዴሲቤል ብቻ ነው። የቀደመው ፊደል ርዝራዥ የዝምታዋን ቅጽበት ይሞላታል፤ የጠበቀውና የላላው ይደባለቃሉ። ስለዚህ በአማርኛ ለሚሠራ ተውኔት የአዳራሹ ርዝራዥ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትርጉም ጉዳይ ነው።

ሙዚቃ በበኩሉ ተቃራኒውን ይጠይቃል። ለኦርኬስትራ ከ1.8 እስከ 2 ሰከንድ የሚደርስ ርዝራዥ ይመረጣል፤ ለንግግር ግን 1 ሰከንድ አካባቢ ይበቃል። ብሔራዊ ቴአትር ከመነሻው ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ቤት ነው። እነ ነርሲስ ናልባንዲያን ሙዚቃውን ሲመሩበት፣ እነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ሲያዘጋጁበት ኖረዋል። አንድ አዳራሽ ሁለቱንም ሊያገለግል የሚችለው በመሐል ሲሰፍር ነው፤ መሐሉን ደግሞ የሚያስጠብቀው የግድግዳው፣ የወንበሩና የሕዝቡ ሚዛን ነው።

መለኪያው በእጃችን ነው

ሳቢን ሌሊቱን ሙሉ የደከመበትን ልኬት ዛሬ አንድ ተማሪ በእጅ ስልኩ ሊሠራው ይችላል። ከአዳራሹ ኃላፊዎች ፈቃድ ከተገኘ በኋላ የሚያስፈልጉት ጥቂት ፊኛዎች፣ ድምፅ መቅጃ ያለው ስልክና ማስታወሻ ደብተር ናቸው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ፊኛው ተዋናይ በሚቆምበት ቦታ፣ በአፍ ከፍታ ላይ ይፈነዳል። ስልኩ በተለያዩ ወንበሮች ላይ፣ በጆሮ ከፍታ ተቀምጦ ይቀርጻል። የመቅጃው መጠን ድምፁ እንዳይቆረጥ ዝቅ ማለት አለበት።

ሁለተኛ፣ ቅጂው በኮምፒውተር ላይ በዴሲቤል ይሣላል። 60 ዴሲቤል ሙሉውን መከታተል በአካባቢ ጫጫታ ምክንያት ስለሚያስቸግር፣ ድምፁ ከ5 ዴሲቤል ቅናሽ እስከ 25 ዴሲቤል ቅናሽ ድረስ የፈጀው ጊዜ ተለክቶ በ3 ይባዛል።

ሦስተኛ፣ ልኬቱ ባዶ አዳራሽ ውስጥና ሰው በተቀመጠበት ጊዜ ይደገማል። የተገኘው ልዩነት በሳቢን ቀመር ተገልብጦ ሲሰላ የአንድ ተመልካች የመምጠጥ አቅም ይገኛል። ቀመሩ ድምፁ በአዳራሹ ሁሉ በእኩል መሰራጨቱን ታሳቢ ስለሚያደርግ በየወንበሩ የሚታየው ልዩነትም መመዝገብ አለበት።

አራተኛ፣ ማንም ሳይናገር ለአንድ ደቂቃ ጸጥታው ራሱ ይቀረጻል። የመንገድ ጫጫታ፣ የነፋስ ማስገቢያ፣ በክረምት ደግሞ ጣሪያውን የሚመታው ዝናብ በዚህ ይታወቃል። ቴአትር ቤት ለመግባት ያልተመቸው ተማሪ ሙከራውን በራሱ መማሪያ አዳራሽ ቢጀምር ሳይንሱ ያው ነው፤ የሳቢንም ጅማሬ መማሪያ አዳራሽ ነበርና።

የሚፈርስና የሚቀር

ይህ ልኬት ከክፍል ውስጥ ሙከራ ያለፈ ጥቅም አለው። በጣልያን ቬኒስ የሚገኘው ዝነኛው ላ ፌኒቼ ቴአትር ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 1996 በእሳት ወደመ። እንደ ዕድል ሆኖ ከቃጠሎው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የአዳራሹ ድምፅ በባለሙያዎች ተለክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 እንደገና ሲሠራ አሮጌው ድምፅ ምን እንደነበር የሚመሰክር ሰነድ በእጅ ነበር። በፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራልም እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቃጠሉ በፊት፣ በ2013 ድምፁ ተለክቶ ስለነበር ለጥገናው ተመራማሪዎች ማነጻጸሪያ አግኝተዋል።

እሳት ባይነሳም አዳራሽ ድምፁን ሊያጣ ይችላል። ቀዳዳማው ሰሌዳ በቀለም ሲለቀለቅ ቀዳዳዎቹ ይደፈኑና መምጠጥ ያቆማል። የጨርቅ ወንበር በፕላስቲክ ሲተካ ባዶውና ሙሉው አዳራሽ ይራራቃሉ። ወለሉ ወፍራም ምንጣፍ ሲለብስ ቀጫጭኑ ድምፅ ብቻ ተመጥጦ ወፍራሙ እየጎረነነ ይቀራል። እነዚህ ሁሉ በመልካም ፈቃድ፣ ለውበትና ለንጽሕና ተብለው የሚደረጉ ናቸው። በዓይን ሲታይ ሕንፃው ታድሷል፤ በጆሮ ሲሰማ ግን ሌላ ሕንፃ ሆኗል። ከእድሳቱ በፊት የተያዘ ልኬት ከሌለ ደግሞ ምን እንደጠፋ ለማስረዳት የሚቻለው በትዝታ ብቻ ነው፤ ትዝታም በሰከንድ አይለካም።

የካዛንቺስ የፈረሱ አዝማሪ ቤቶችን ድምፅ ዛሬ ተመልሶ ገብቶ መለካት አይቻልም። ግድግዳው የለም፤ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጥ የነበረው ታዳሚም ወደየአቅጣጫው ሄዷል። በስሌት ያገኘነው 0.6 ሰከንድ ግምት እንጂ ምስክር አይደለም። ገና የቆሙት ታሪካዊ አዳራሾች ግን ሊለኩ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ገንዘብ ሳይሆን ጸጥ ያለ አንድ ሰዓት፣ ጥቂት ፊኛና የሚያስብ ተማሪ ነው። የየአዳራሹ የርዝራዥ ጊዜ፣ ባዶውና ሙሉው፣ በክረምትና በበጋ፣ ከንድፉና ከፎቶግራፉ ጎን በሰነድነት ቢቀመጥ፣ ከእንግዲህ ለሚያድሰው መሐንዲስ መመሪያ፣ ለሚቀጥለውም ትውልድ ቅርስ ይሆናል።

እስከዚያው ግን ወደ ቴአትር ቤት የሚሄድ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንጋብዛለን። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት፣ ወንበሮቹ ገና እየሞሉ ሳለ ጫጫታውን ያድምጥ። ሕዝቡ በገባ ቁጥር የአዳራሹ ድምፅ እየጠበበ፣ እየጠራ ሲሄድ ይሰማዋል። ያ ለውጥ አርክቴክቱ ለተመልካቹ የተወው የሥራ ድርሻ ነው፤ አንባቢውም ወንበሩን ይዞ ሲቀመጥ 0.4 ስኩዌር ሜትር ያህሉን በራሱ አካል ፈጽሞታል።